በአዳራሽም በኦንላይንም አምልኮ ላይ ማገልገል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሑድ አምልኮ ሲያልቅ በር ላይ እጄን ይዞ የሚያስቆመኝ ሰው አይጠፋም። «እኔም ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ግን ድምፅ የለኝም» ይለኛል። እዚህ ሀዋሳ «አገልጋይ» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ማይክ የጨበጠ ሰው ነው። ሰባኪ፣ ዘማሪ፣ ፕሮግራም መሪ። ማይኩን ማን እንደከፈተው የሚያስብ የለም። ሳይከፈት የቀረ ቀን ግን አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች በግቢውም በቴሌግራም ግሩፓችንም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ናቸው። መልሱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ነው። ሌላ ቦታ በሌላ መንገድ ይሠራ ይሆናል።

ለመሆኑ ምን ምን ሥራ አለ?

እንደ ጠዋቱ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ቀድመው የሚገቡት አዳራሽ የሚጠርጉና ወንበር የሚደረድሩ ናቸው። ከኋላቸው የሳውንድ ልጆች ገመድ ተሸክመው ይመጣሉ። ከዚያ የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የሚያወጣው፣ ካሜራ የሚይዙት፣ ላይቭ የሚያስተላልፈው። ትንሽ ቆይቶ በር ላይ የሚቆሙ አስተናጋጆች፣ ግቢ ውስጥ መኪናና ሞተር የሚያስቆሙ፣ የልጆች ክፍል አስተማሪዎች ይደርሳሉ። ከአማርኛ ወደ ሲዳሙ አፎ የሚያስተረጉሙ አሉ። መባ የሚሰበስቡና የሚቆጥሩ አሉ። ከኋላ ክፍል ሆነው የሚጸልዩ አሉ። ኦንላይን ለሚከታተለው ሰው መልስ የሚሰጡም አሉ። እኛ ዘንድ አንድ እሑድ ከሃያ ሰው ባነሰ አይንቀሳቀስም።

ሁልጊዜ ሰው የሚያንሰን ሦስት ቦታ ነው፦ ሳውንድ፣ የኦንላይን አስተናጋጅ፣ ከአምልኮ በኋላ ወንበር የሚያነሣ። ካሜራ ለመያዝ ግን ወረፋ አለ። ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ምንም ሙያ የለኝም። ትቀበሉኛላችሁ?

አዎ። ሙያ ይለመዳል። ሚክሰር (የድምፅ ማስተካከያውን ማሽን) በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ በሦስት ወር ብቻውን ሲሠራበት አይተናል። ማስተማር ያቃተን ሰዓት ማክበርን ነው። በጣም የሚችል ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚቀር ሰውና፣ ብዙ የማይችል ግን ሁሌ የሚገኝ ሰው ቢቀርቡልኝ፣ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አዲስ ሰው ስድስት እሑድ ከአንድ ነባር አገልጋይ ጎን ይቆማል። ያያል፣ ይይዛል፣ ያቀብላል። ከዚያ ብቻውን ይሞክራል። የልጆች ክፍልና የገንዘብ ቆጠራ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እዚያ ለመግባት ሽማግሌዎችና የሕብረት መሪያችሁ ሊያውቋችሁ ይገባል። ቅር አይበላችሁ፤ ልጅ ያለው ሁሉ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ስንት ሰዓት መድረስ አለብኝ?

አምልኮ የሚጀምረው 3 ሰዓት ነው። ሳውንድና ሚዲያ 1 ሰዓት ላይ፣ አስተናጋጆች 2 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። አንድ ሰዓት ብታረፍዱ ሳውንድ ቼኩ ይቀራል፤ የቀረው ሳውንድ ቼክ ደግሞ በመጀመሪያው መዝሙር ላይ በፉጨት ይመለሳል።

ከዳቶ ወይም ከታቦር አካባቢ የምትመጡ፣ እሑድ ማለዳ ባጃጅ እንደ ሌላው ቀን እንደማይገኝ አስቡበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 እሑድ ላይ ከዋሉ ደግሞ በቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ምክንያት ከተማው በእንግዳ ይሞላል። እነዚያን ቀናት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። በእግር መምጣትም ያባት ነው።

አስተናጋጅ ማለት ወንበር ማሳየት አይደል እንዴ?

እሱ በጣም ትንሹ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያኗ የሚወስነው ስብከቱን ሰምቶ አይመስለኝም። በር ላይ ማን እንዳናገረው አይቶ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ እናት በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ «ደህና አደሩ?» ስትባል ፊቷ ላይ የሚታየውን ለማየት አንድ ቀን በር ላይ ቁሙ። ስለዚህ በየበሩ ቢያንስ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው እናቆማለን።

ጥሩ አስተናጋጅ የኋላውን ሁለት ረድፍ ዘግቶ ያቆያል፤ አርፍዶ የሚመጣው ሰው እስከ ፊት ድረስ እየተሳቀቀ እንዳይሄድ። ሕፃን የያዘች እናትን በር አጠገብ ያስቀምጣል። አዛውንት ከለመዱት ቦታ አያስነሣም። ሰው ቢወድቅ ውኃ የት እንዳለ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ ያውቃል። ጠጥቶ የገባ ሰው ቢኖር ሳይጎትት፣ ሳይጮኽ ከጎኑ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አስምሩበት። አስተናጋጅ የአለባበስ ፖሊስ አይደለም። ሱሪ ለብሳ የመጣችን ልጅ በዓይኑ ከላይ እስከ ታች የሚለካ አስተናጋጅ ከበር አንሥተን ወንበር ድርደራ ላይ መድበን እናውቃለን።

ሳውንድ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ይጠብቀኛል?

መጀመሪያ የምትማሩት ገመድ መጠቅለል ነው። አትሳቁ። በክርን ላይ እየተጠመዘዘ የተጠቀለለ ገመድ ውስጡ ይበጠሳል፤ ከዚያ እሑድ ጠዋት «ኽርርር» የሚል ድምፅ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ወር ገመድ ትጠቀልላላችሁ፣ ማይክ ትተክላላችሁ፣ ባትሪ ትቀይራላችሁ።

ቀጥሎ የማብራትና የማጥፋት ተራ ነው። ሲከፈት አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይከፈታል፤ ሲዘጋ መጀመሪያ ይዘጋል። ይህን የገለበጠ ሰው ስፒከሩ «ዷ!» ብሎ ያስታውሰዋል። ከዚያ ፉጨት። ማይክ ከስፒከር ፊት ሲቆም የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ይጮኻል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሚክሰሩ ላይ አይደለም፤ ዘማሪውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ደግሞ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ካልተሰጠው ድምፅ አያወጣም። «ማይኩ ሞቷል» እየተባለ ወደ ጥገና የተላከ ደህና ማይክ አይቻለሁ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሌላ ፈተና አለ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ስብከት አይሰማም። አዲስ ልጅ ወዲያው ድምፅ ይጨምራል፤ ዝናቡም ይጨምራል፤ መጨረሻው የጆሮ ሕመም ነው። እኛ የለመድነው ወፍራሙን (ቤዝ የሚባለውን) ድምፅ ቀንሶ የንግግሩን ድምፅ ጥርት ማድረግ ነው። ካልሆነ ለፕሮግራም መሪው ምልክት ይሰጣል፤ ሰባኪው ይቆማል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ይጸለያል።

ሴቶች ይችላሉ ወይ ብለው የጠየቁ ነበሩ። ይችላሉ። አሁን ካሉን ሁሉ ጆሮዋ የሚበልጠው ሴት ናት።

አዳራሹ ውስጥ ድምፁ ያምራል፤ ላይቩ ላይ ግን ድራሙ አይሰማም። ለምን?

ይህ ከውጭ አገር ጭምር የሚመጣ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም ልክ ነው። አዳራሽ ውስጥ ድራሙ ያለ ስፒከር ይሰማል። ስለዚህ የሳውንድ ሰው ሚክሰሩ ላይ አይጨምረውም። ያንኑ ድምፅ በቀጥታ ወደ ላይቩ ስትልኩት ቤት ያለው ሰው የሚያገኘው ዘማሪውን ብቻ ነው። የሕዝቡ ድምፅም የለም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚዘመር ይመስላል።

መፍትሔው ከሚክሰሩ ለላይቭ ብቻ ሌላ መውጫ ማዘጋጀት፣ ወደ ሕዝቡ የዞረ አንድ ማይክ መስቀል፣ ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ ይህን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ማስቀመጥ ነው። ዕቃው አለን። ሰውየው ነው የጠፋው። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ዛሬውኑ ኑ።

የኦንላይኑ ክፍል ምን ይሠራል? ስልክ ይዞ መቅረጽ አይበቃም?

የጀመርነውስ እንደዚያ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ ከቀናት በኋላ ትልልቅ ስብሰባዎች ታገዱ። አንድ ስልክ በተደራረበ ወንበር ላይ በላስቲክ አስረን ባዶ አዳራሽ ቀረጽን። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም አላማረረም።

አሁን ሁለት ካሜራ፣ አንድ ላፕቶፕና ላይቭ የምናስተላልፍበት ኦቢኤስ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለን። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ጥቂት ነገር ማወቅ አለበት። የምትፈልጉት ኢንተርኔቱ የሚያወርድበትን ፍጥነት ሳይሆን የሚጭንበትን ነው። የምስሉን ጥራት 720 ላይ እናደርገዋለን፤ ለዚያ ወደ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል፤ መስመሩ ግን ከዚያ በላይ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ከዋይፋይ ይልቅ ገመድ ይሻላል፤ አዳራሹ በሰው ሲሞላ የሁሉም ስልክ ዋይፋዩን ይሻማል። ለመጠባበቂያ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም በሁለት ስልክ ላይ ዝግጁ ናቸው።

የራሳችሁን የሕብረት ቻናል ለመክፈት ላሰባችሁ፦ ዩትዩብ ላይ በስልክ ላይቭ ለመግባት ቢያንስ 50 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜ ማታ አትጀምሩት። ከአምልኮ በፊት የታወቀ ዘማሪ ካሴት ላይቩ ላይ አታጫውቱ፤ የመብት ጥያቄ ይመጣና ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል።

የኦንላይን አስተናጋጅ የምትሉት ምንድን ነው?

በር ላይ የሚቆም ሰው ካለ በስክሪኑ በርም ላይ የሚቆም ሊኖር ይገባል። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ በጣም የተናቀው ይሄ ነው። ሰዎች «ኮመንት ማንበብ» ይሉታል።

ማን እንደሚከታተለን አስቡ። ሪያድ ያለች እህት አለች። ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ለሷ ግን እሑድ የሥራ ቀን ነው። አንድ ጆሮዋ ላይ ኤርፎን አድርጋ ልብስ እየተኮሰች ትሰማለች። ዋሽንግተን ያለ ወንድም አለ። እኛ 3 ሰዓት ስንጀምር እዚያ በበጋቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ከታክሲ ሥራ ገብቶ ሳይተኛ ይከፍታል። ጉልበታቸው ከቤት የማያስወጣቸው አባት እዚሁ አረብ ሰፈር አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዛላቸው። እነዚህ ሰዎች «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብለው ጽፈው ሁለት ሰዓት መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ በር ላይ ቆመው ማንም እንዳላናገራቸው ነው።

አስተናጋጁ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። በስም ሰላምታ ይሰጣል። የሚነበበውን ጥቅስ ይጽፋል። ድምፅ ሲጠፋ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለሳውንድ ክፍል ይደውላል። ላይቩ ከአዳራሹ ሃያ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ስለሚቀር «አሁን እንነሣ» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም። የሃይማኖት ክርክር ለማንሣት የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ አትከራከሩ። ስድብ ከሆነ አጥፉት፤ ጥያቄ ከሆነ «መጋቢው በውስጥ መስመር ይመልሱልዎታል» በሉ።

የጸሎት ርዕስ በኮመንት የሚጽፍ ሰው ካለ በውስጥ እንዲልክ በትሕትና ጋብዙት። በሽታውን፣ የትዳሩን ነገር ዓለም ሁሉ ማንበብ የለበትም። የውስጥ መልእክቱን ሁለት ሰው አንድ ላይ ያየዋል። ወንድ አገልጋይ ብቻውን ከእህቶች ጋር አይጻጻፍም፤ ሴቷም እንዲሁ። ይህ ደንብ ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሎልናል።

ሥራው ከቤት ሆኖም ይቻላል። ልጅ አስተኝታ ስልኳን ይዛ የምታገለግል እናት አለችን።

የመዝሙር ግጥም ማውጣትስ? ቀላል ይመስላል።

ቀላል ነው፤ ግን ፈጣን ጣት ይጠይቃል። ዘማሪው አዝማቹን አራት ጊዜ ይደግማል ብላችሁ ስትጠብቁ ዘሎ ወደ ሦስተኛው ቁጥር ይሄዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ተገኙ።

ትልቁ ችግር ፊደል ነው። አንዱ ቤቱ በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት ጽፎ ያመጣል፤ እኛ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው በዩኒኮድ ብቻ ጻፉ፤ በኒያላ ወይም በሌላ የታወቀ ፎንት። የሲዳሙ አፎ መዝሙር በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሁለቱን አንድ ስላይድ ላይ አታጨናንቁ። በአንድ ስላይድ አራት መስመር ይበቃል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አባት መነጽራቸውን ረስተው መጥተዋል ብላችሁ አስቡ።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ያለውን ክፍተት ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ይሸፍናል፤ ዩፒኤሱ የሚይዘው ራውተሩን፣ ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ነው። አምፕሊፋየሩን ከሱ ጋር አታገናኙት፤ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ዲጂታል ሚክሰር ከጠፋ ተመልሶ እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ የምታድኑት እሱን ነው። የጀነሬተሩን ነዳጅ ቅዳሜ የሚያይ ሰው በስም ተመድቧል።

አንድ ጊዜ ጀነሬተሩም እምቢ አለ። ኳየሩ ከበሮ ብቻ ይዞ ዘመረ። እስካሁን «ያን ቀን እንዴት ያምር ነበር» የሚሉኝ አሉ። የሳውንድ ክፍሉን ሞራል አልጠበቁልንም።

ቪዲዮ ላይ መታየት አልፈልግም። ልጄም እንድትታይ አልፈልግም።

መብታችሁ ነው። በአዳራሹ በግራ በኩል ያሉት ወንበሮች ካሜራ አይደርስባቸውም፤ በር ላይ ተጽፏል። የልጆች ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይተላለፍም። ካሜራ የምትይዙ ደግሞ እያለቀሰ የሚጸልይ ሰው ፊት ላይ አታቅርቡ። ለምስል ያምር ይሆናል፤ ለሰውየው ግን የብቻው ጊዜ ነው። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ሲኖር ቀድሞ ይጠየቃል፦ «ላይቭ ይሁን ወይስ አዳራሽ ውስጥ ብቻ?» ቤተሰቡ የማያውቀውን ነገር የሚናገር ሰው አለ።

መባ በሚሰበሰብበት ክፍል ብገባስ?

ሁልጊዜ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ብቻውን የሚቆጥር የለም፤ ሽማግሌ ቢሆንም። በቴሌብር የሚሰጠውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ኮመንት ላይ በቤተ ክርስቲያኗ ስምና ፎቶ ሌላ ቁጥር የሚለጥፉ አጭበርባሪዎች ስለሚመጡ፣ ትክክለኛው ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ብቻ እንደሆነ በየሳምንቱ እንናገራለን።

ይከፈላል?

አይከፈልም። ጠዋት 1 ሰዓት ለሚመጡ ሻይና ዳቦ አለ፤ አንዳንዴ ፉል። የትራንስፖርት ችግር ያለበት ካለ ለእኔ በግል ይንገረኝ።

የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ እሠራለሁ። ይመቸኛል?

ይመቻል። ማንም በየሳምንቱ አያገለግልም፤ ሁለት እሑድ አገልግሎ ሁለት እሑድ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጣል። ለእኛ ይሄ ግዴታ ነው። ዓመት ሙሉ ከሚክሰር ጀርባ ቆሞ አንድም ስብከት ያልሰማ ልጅ ነበረን፤ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ተወው። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ፈተና ሲደርስ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ ለፍቼ ጨምበላላ (ለሲዳማ ዘመን መለወጫ) ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ እስከ ሐሙስ ግሩፑ ላይ ጻፉ። የፍቼ ቀን አያንቶ በሚባሉ የሲዳማ አዋቂዎች የኮከብ ቆጠራ ስለሚታወጅ ቀድመን ካሌንደር ላይ አናሰፍረውም፤ ስለዚህ ሲታወጅ ፕሮግራሙን እንደገና እናወጣለን። እሑድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ «ዛሬ አልመጣም» የሚል ቴክስት ግን ያበሳጨኛል። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ብሳሳትስ?

ትሳሳታላችሁ። እኔ አንድ እሑድ ስብከቱ ረዝሞብኝ ከጎኔ ላለው ልጅ «በቃ፣ ዛሬ ምሳ የለም» አልኩት። ከፊቴ ያለው ማይክ ወደ ላይቩ ክፍት ነበር። አዳራሹ አልሰማም። ሪያድ ያለችው እህታችን ግን ሰማች፤ ኮመንት ላይ «ወንድሜ፣ እዚህም የለም» ብላ ጻፈች። ሰባኪውም ማታ ቪዲዮውን አይቶ ደወለልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሰብክ ሰዓቱን አየት አድርጎ ወደኔ ዞረ።

እንዴት ልጀምር?

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሚዲያ ክፍሉ ኑ፤ ከመድረኩ ትይዩ፣ ደረጃው ላይ ነው። ፎርም የለም። ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን እጽፋለሁ። ከቻላችሁ ያኔውኑ ሁለት ወንበር አንሡልን።